ሳህኑን አታቅልጡት

አሮጌ የብር ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ሁለት ነገር አያጣም፤ መወልወያ ጨርቅና ተረበኛ። ጨርቁ ለሳህኑ ነው። ለተረበኛው ደግሞ መልስ ያስፈልገዋል። እነሆ መልሱ፦

«ሳህኑ ብር ቢሆን ወጡ ያው ሽሮ ነው!»

ሽሮ ስለሆነ ነዋ! ክትፎማ በኮባ ቅጠልም ቢቀርብ አድናቂ አያጣም። ያማረ ማቅረቢያ የሚገባው በየቀኑ ለሚያጠግበን ምግብ ነው።

«ጌጥ እንጂ ሥራ የለው!»

ጌጡ ራሱ ሥራ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1680ዎቹ ጀምሮ የሠሩትን ሞንቲዝ የሚባል ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን እይ። ከንፈሩ ገባ ወጣ ብሎ የተቆረጠው እንዲያምር ብቻ መሰለህ? የብርጭቆዎቹ እግር እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ አፋቸው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዲገባ ነው። እንግዳው ሲደርስ ብርጭቆው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል።

«ማጉያ መነጽር ይዞ የሳህን ቂጥ ሲመረምር ይውላል!»

አንተ መታወቂያህን በኪስህ ትይዛለህ፤ የእንግሊዝ ብር ቂጡ ላይ ይዞታል። የሚራመድ አንበሳ ካየህ ስተርሊንግ ነው፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። የነብር ራስ ለንደን ነው፣ መልሕቅ በርሚንግሃም፣ ዘውድ የድሮው ሼፊልድ። አንዲት ፊደል ዓመቱን ትነግርሃለች፣ ሌሎቹ ፊደላት ሠሪውን። ጥፍር በምታህል ቦታ ከተማ፣ ዘመንና የአንጥረኛ ስም ተጽፎ ሳለ ያላነበበው ነው የሚያሳዝነው።

«ይኼ የሚያብለጨልጨው ሁሉ ቅብ ነው አሉ!»

ቅቡም ታሪክ አለው። ኢፒኤንኤስ የሚል ካየህ ውስጡ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅ ነው፤ ብሩ ላዩ ላይ ብቻ ነው። የበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች እ.ኤ.አ. በ1840 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት በኤሌክትሪክ የመለበጥ ዘዴ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቶማስ ቦልሶቨር የተባለ የሼፊልድ ቢላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1743 ገደማ ብርን ከመዳብ ጋር በእሳት አጣብቆ አንድ ላይ መዳመጥ ጀመረ። በዚህ ዘዴ የተሠራ አሮጌ ሳህን ጠርዙ ላይ መዳቡ ቀላ ብሎ ብቅ ሲል ሰብሳቢው ደስ ይለዋል፤ ማንም በላዩ ላይ እንደገና አልለበጠበትም ማለት ነው። ዋሾው ቅቡን በብር ዋጋ የሸጠው ነጋዴ እንጂ ሳህኑ አይደለም።

«ጠቁሯል፤ በቃው!»

አልበቃውም። አየር ውስጥ ያለ የድኝ ጋዝ ብርን ሲነካው ላዩ ላይ ጥቁር ሽፋን ይፈጠራል፤ እንቁላል፣ ሱፍና የጎማ ላስቲክ ያባብሱታል። ጨው ደግሞ ይበላዋል፤ ብዙ የድሮ የብር ጨው ማቅረቢያዎች ውስጣቸው በወርቅ የተለበጠው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ በሳህኑ መብላትና ማጠብ ነው፤ በሞቀ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ወዲያው ይደረቅ። በየሳምንቱ መፈግፈግ ግን ጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ ውልወላ ከብሩ ቅንጣት ይወስዳል፣ ቅርጹንም ያደበዝዛል። በቅርጹ ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን ጥቁረት ተወው፤ አበባውን ከቅጠሉ የሚለየው እሱ ነው።

«የማታውቀው ሰው ስም ተቀርጾበታል፤ አስፍቀው!»

ስም ሲፋቅ ብሩ ይሳሳል፣ ዋጋውም አብሮ ይሳሳል። ፖል ሪቪር እ.ኤ.አ. በ1768 ቦስተን ውስጥ የሠራው ጎድጓዳ ሳህን የ15ቱ አሠሪዎቹ ስም ዙሪያውን ተቀርጾበታል። መታሰቢያነቱ የእንግሊዝን ግብር ተቃውመው የላኩትን ደብዳቤ አንሰርዝም ላሉ 92 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት አባላት ነው። የቦስተኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1949 ሲገዛው የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ ከኪሳቸው አዋጥተዋል። ስሞቹ ቢፋቁ ኖሮ ልጆቹ ለምን ያዋጡ ነበር?

«ለክብደቱ!»

ክብደቱም ይናገራል! 45 አውንስ እንዲመዝን ሆኖ ነው የተሠራው። የእንግሊዙ የፓርላማ አባል ጆን ዊልክስ የንጉሡን ንግግር የነቀፈበት ጋዜጣ ቁጥሩ 45 ነበርና። አየህ፣ ሚዛን ላይ ብታወጣውም ስለ ነጻነት ያወራሃል።

«ብር ተወዷል፤ አቅልጠህ ሽጠው!»

ይህን ምክር ንጉሥም ሰምቶታል። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1689 የቬርሳይን የብር ዕቃዎች ለጦርነት ወጪ አስቀለጠ። ጦርነቱ አለፈ፤ እነዚያን ዕቃዎች ግን ዛሬ የምናውቃቸው በሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 ደግሞ የብር ዋጋ በአውንስ ወደ 50 ዶላር ሲጠጋ ብዙ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ብዙ ሳህን እቶን ገባ። በመጋቢት ዋጋው ተንኮታኮተ። ዋጋ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ እቶን የገባ ሳህን ግን ተመልሶ አይመጣም።

«የእኛስ አንጥረኞች ማርትሬዛ ያቀልጡ አልነበር?»

ያቀልጡ ነበር፤ እጃቸው ይባረክ! ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል የምትመዝን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር የሆነ ገንዘብ ናት። አብዛኞቹ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ አንዷ ብትቀልጥ መንትያዋ አትጠፋም። አንጥረኛው ገንዘብ አስገብቶ መስቀል፣ ድሪና አምባር አወጣ። አንተ የምትመክረኝ ጥበብ አስገብቼ ገንዘብ እንዳወጣ ነው። እሳቱ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ተቃራኒ ነው።

ስለዚህ የእናቱን ሳህን ይዞ ወደ ሚዛን የሚሮጥ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ይገልብጠው። ምልክቱን ያንብብ፣ የመዶሻውን ዱካ በጣቱ ይዳስስ፣ የሚያውቅ ሰው ያማክር። እቶኑ የትም አይሄድም፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይገኛል። የቀለጠ ሳህን ግን ነገ የለውም።