ይድረስ ለክቡር ጓጉንቸር

በሰፈራችን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ቢሮ በር ላይ ሌትና ቀን ተንጠልጥለው ለሚያገለግሉት ለክቡር ጓጉንቸር፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ፣ ከጠፋብን ንብረት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ክቡር ሆይ፤ ኃላፊውንና የኮሚቴውን ሊቀ መንበር አልፌ ለእርስዎ መጻፌ እንደ ድፍረት አይቈጠርብኝ፤ ነዋሪው በየቤቱ አዋጥቶ፣ ቆርቆሮውን ከአንዱ ምስማሩን ከሌላው ለምኖ ያቆመው ያ ቢሮ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ቆሎና ለስላሳ ተቀምሶበት ከተመረቀ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በነግህም በሠርክም በመንፈቀ ሌሊትም ብንሄድ፣ ከሥራ ገበታቸው ሳይጎድሉ ያገኘናቸው እርስዎን ብቻ ነውና። በዐቱን ዘግቶ በአርምሞ እንደሚጋደል ባሕታዊ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ያሰናብቱናል፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር ጠባቂ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ወር የጎረቤቴ መኪና ሁለቱም ስፖኪዮዎች ተነቅለው ቢያድሩ፣ ሰውዬው በነጠላ ጫማ ሮጦ መጥቶ እንደ ቅዳሴ ቃጭል ሦስት ጊዜ ቢያንቃጭልዎት፣ ከራስዎ በላይ «ጥቆማ ለመስጠት ወደ ውስጥ ይግቡ» የሚለውን ጽሑፍ አንብቦ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ከመለዋወጫ ተራ ሄዶ፣ ትንሿ ልጁ በለጠፈችው የቢራቢሮ ሥዕል የገዛ ስፖኪዮውን ለይቶ ተከራክሮ ገዛው፤ ሻጩም ቸር ሰው ነበርና «ደንበኛ አይደሉ?» ብሎ መቶ ብር ቀነሰለት።

ከአባቶች እንደ ሰማነው፣ በአውጫጭኝ ጊዜ የአገሩ ሰው ከአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፣ የቀረው መቀጮ ይከፍላል፣ ሌባው እስኪወጣም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። (ሌባ ሻይ የተባለውማ፣ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ የወደቀበትን ቤት ጌታ ወንጀለኛ የሚያደርግ ስለ ነበር፣ እንኳን ቀረ።) በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ፖሊስ በዘመናዊ ሥርዓት ከተደራጀ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እነሆ አውጫጭኙ በአዲስ ስም ተመልሶልናል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እንሰበሰባለን። ልዩነቱ፣ የዛሬው ጉባኤ የማይበተነው መዋጮው እስኪሞላ መሆኑ ነው።

ሐሰት እንዳልናገር፣ መጀመሪያ የተመደበልን ወጣት ኮንስታብል እንዲህ አልነበረም፤ የየቤቱን ውሻ በስሙ የሚጠራ፣ ማን ሌሊት ፈረቃ እንደሚገባ፣ የማን ቤት ሠራተኛ አዲስ እንደ ሆነች የሚያውቅ፣ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ከሥራ ፈቶቹ ልጆች ጋር ስለ ኳስ የሚከራከር ሰው ነበር፤ እነዚያው ልጆች ናቸው በኋላ እንግዳ ፊት ሲያዩ የሚነግሩት። አራት ወር ያህል ሰፈሩ እንቅልፍ ጠገበ። ከዚያ «ለሥራ ቅልጥፍና» ተብሎ ተዛወረ፤ ተተኪውን ስንጠባበቅ እርስዎ ተሾሙብን።

አሁን ግን ክፉ ወሬ ሰማን፤ ሌቦቹ ዐይናቸውን በእርስዎ በራስዎ ላይ ጥለዋል ይባላል። እድራችንም ይህን በሰማ ጊዜ ጥሩንባ አስነፍቶ፣ በቃለ ጉባኤ ተፈራርሞ፣ ነዋሪው በየሌሊቱ ተራ ገብቶ እርስዎን እንዲጠብቅ ወስኗል። የዛሬው ተረኛ እኔ ነኝ፤ ጋቢዬንና የእጅ ባትሪዬን ይዤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እደርሳለሁ። የተረኞች መፈረሚያ መዝገብ ከውስጥ ስለ ተቈለፈበት፣ የት እንደምፈርም አስቀድመው ቢያስታውቁኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አዋጪ ነዋሪ