ሂሳብ የማይወጣለት ጥገና ይባረክ

አሮጌ መኪና ማደስ ሞኝነት ነው፤ እኔም የተነሳሁት ይህን ሞኝነት ላመሰግን ነው። ብልህ ሰው መኪናው ሲያረጅ ይሸጠዋል፤ ገዢ ካጣ በኪሎ ለብረት ነጋዴ ያስረክበዋል። ሞኙ ግን ሞተሩን ያወርዳል፣ ካምቢዮውን ይበትናል፣ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ገንዘብ ያፈስበታል፣ ከገንዘቡ የሚበልጥ ጊዜም ይጨምርበታል። እንግሊዞች ይህን ሞኝነት በቴሌቪዥን እያሳዩ የዓለምን ተመልካች ሰብስበውበታል። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ደግሞ ያለ ካሜራ ይሠራል።

የእንግሊዞቹን ፕሮግራም በሳተላይት ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። «ዊለር ዲለርስ» የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ማይክ ብሩወር ያረጀ መኪና ተከራክሮ ይገዛል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ቁመተ ረጅሙ ኤድ ቻይና ብርቱካናማ ጓንቱን አጥልቆ ይጠግነው ነበር፤ በመጨረሻ መኪናው ይሸጥና ትርፉ ይቆጠራል። በዚያ ቆጠራ ውስጥ የተገዛበት ዋጋ አለ፣ የመለዋወጫው ዋጋ አለ፤ የጠጋኙ የሥራ ሰዓት ግን የለም። ብዙ ሰው ይህን ያያና የውሸት ሂሳብ ነው ይላል። እኔ የፕሮግራሙ ክብር ያለው እዚያ ላይ ነው እላለሁ። የጠጋኙ ሰዓት በገንዘብ ቢተመን ኖሮ ከእነዚያ መኪኖች አብዛኞቹ ባልተነኩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው «ካር ኤስ.ኦ.ኤስ.» ከዚህም ይብሳል። ቲም ሾውና ፈዝ ታውንሸንድ ባለቤቱ ታሞ ወይም ተቸግሮ የቆመን መኪና ባለቤቱ ሳያውቅ ከቤት ወስደው፣ አድሰው፣ በድንገት ይመልሱለታል። ትርፍ የሚባል ነገር የለውም። ሰውየው መኪናውን ሲያይ ያለቅሳል፤ ተመልካቹም አብሮ ያለቅሳል።

የእንግሊዝ መኪናና ሞኝነት በኢትዮጵያ ምድር የተዋወቁት ግን ከቴሌቪዥን በፊት ነው። ወደ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው መኪና የእንግሊዝ ሥራ የሆነ ሲድሊ ነበር። ቢድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደረሰው። የመኪና መንገድ በሌለበት፣ ነዳጅ ማደያ በማይታሰብበት፣ በረሃውንና ዳገቱን በሰው ጉልበት እያስገፋና እያስጎተተ መምጣቱን ልብ በሉ። አስተዋይ ሰው ይህን ጉዞ አይጀምርም። ዳግማዊ ምኒልክ በመኪና ሊሳፈሩ የቻሉት አንድ ሰው ማስተዋሉን ለጊዜው በመተዉ ነው።

ወደ ሶዶ ልመለስና ስለ ላንድሮቨር ልናገር፤ የእንግሊዝን አሮጌ መኪና በጭቃ መንገድ የምናውቀው በእሱ ነውና። የመኪናው ፈጣሪ ሞሪስ ዊልክስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሰበው ለገበሬ የሚሆን ጊዜያዊ መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ለዕይታ ቀረበ። ብረት በራሽን የሚታደልበት ዘመን ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ለጥቂት ዓመት የታሰበው መኪና የመጨረሻ ወራሹ ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2016 ነው። ስሌቱ ሁሉ የተሳሳተ መኪና ሥልሳ ሰባት ዓመት ኖረ።

ሶዶ ለእንዲህ ያለ መኪና የተመቸች ከተማ ናት። በዳሞታ ተራራ ሥር ተቀምጣ መንገዷ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሳውላ፣ ኦሞን ተሻግሮም ወደ ዳውሮ ይሄዳል። በ1962 ዓ.ም. ዋዱ የሚባለው የወላይታ እርሻ ልማት ፕሮጀክት ሥራ ሲጀምር፣ ማዳበሪያና ዘር ለገበሬው የሚደርሰው ክረምት የማይመልሰው መኪና ከተገኘ ብቻ ነበር። ዛሬ ከተማዋ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። አስፋልቱ ረዝሟል፣ ባጃጁ በዝቷል። አሮጌ መኪና ይዞ ጋራዥ የሚመላለስ ሰው «ጋሼ፣ ይሄን ሸጠው ባጃጅ ቢገዙበት አይሻልም?» የሚለው መካሪ አያጣም። ምክሩ ትክክል ነው። እሱ ግን አይሰማም፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

ሥራውን ቀርቦ ያየ ሰው ደግሞ የሞኝነቱን ጥልቀት ይረዳል። የድሮው ላንድሮቨር ብሎን በኢንች የተለካ ነው፤ የእኛ ጋራዥ ቁልፍ ግን በሚሊሜትር ነው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው። የ13 ቁልፍ ይገባል፤ ግን ይላላል፤ በጉልበት ከታገሉት የብሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። ስለዚህ መካኒኩ በእጁ ስሜት ይሠራል፤ የት ድረስ እንደሚያጠብቅ፣ የት ላይ እንደሚያቆም የጻፈለት የለም። ዜኒት የሚባለው ካርቡራተር ክዳኑ በሙቀት ይጣመማል፤ በስንጥቁ አየር ይስባል፤ ሞተሩ በቆመበት ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ክዳኑን በመስታወት ላይ በተነጠፈ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። እንግሊዝ አገርም የሚደረገው ይኸው ነው። በዚያ ላይ ሶዶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፤ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

አሉሚኒየሙ አካል አይዝግም፤ ከሥሩ ያለው የብረት ሻንሲ ግን ይበላል። እንግሊዝ አገር የሚበላው በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ እኛ ዘንድ ጨው የለም፤ ቀይ ጭቃ ሻንሲው ውስጥ ገብቶ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። እንግሊዛዊው ዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ በስልክ ያዝዛል። የእኛው ሰው የተበላውን ቆርጦ ወፍራም ላሜራ ይበይድበታል። የተሰበረ ባሌስትራ ከሌላ መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ ይተካል፤ የጠፋ ቡሽ ቶርኖ ቤት ይወጣል፤ ጋስኬቱ ከካርቶን በመቀስ ይቆረጣል። ያልተገኘው ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ይፈለጋል፤ እዚያም ከታጣ ተራው የትዕግሥት ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ ዕቃው ከማስታወቂያ መልስ ደርሶ ይገኛል። ሁለቱን ሥራዎች አስተያይቼ የትኛው እንደሚበልጥ ብጠየቅ ያለ ማመንታት የሶዶውን እመርጣለሁ፤ ጠጋኙ የሚገጥመውን ዕቃ መጀመሪያ ራሱ መሥራት አለበትና።

በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ሞኞች ብቻቸውን አይደሉም። በህንድ ዳርጂሊንግ አጠገብ ባለችው ማኔብሃንጃንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩ ላንድሮቨሮች ዛሬም ሰው ጭነው ወደ ሳንዳክፉ ተራራ ይወጣሉ። ጎብኚው ለእነሱ ብሎ ይመጣል። የአዲስ አበባ የቮልስ ወዳጆችም መኪናቸውን ቀለም ቀብተው ሲሰለፉ መንገደኛው ቆሞ ያያል።

የእንግሊዝ መንግሥት ዕድሜው 40 ዓመት የሞላውን መኪና ከዓመታዊ የመንገድ ግብር ነጻ ያደርገዋል፤ እንደ ቅርስ ይቆጥረዋል። በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ለከተማ አየር የታሰበ ነውና አልቃወመውም። ነገር ግን ውጤቱን እንይ። ከእንግዲህ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ወደ አገር አይገባም ማለት ነው። ያለን ያለን ብቻ ነው። የነበረውን የሚያኖሩት እነዚያ ሂሳብ የማይቆጥሩ ሰዎች ናቸው። የሚያልፈውም መኪናው ብቻ አይደለም፤ በጆሮ ሞተር የሚያዳምጥ፣ በኢንች የተሠራን በሚሊሜትር የሚፈታ መካኒክ ሲያርፍ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል፤ መጽሐፍ ላይ አልሰፈረምና።

ስለዚህ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲንና በከተማዋ ያለውን የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ እማጸናለሁ፤ ተማሪ ወደ አሮጌዎቹ ጋራዦች ላኩ፤ አንድ ላንድሮቨር ከሻንሲው እስከ ቀለሙ ሲታደስ ደረጃ በደረጃ ይጻፍ። የደቡብ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ካሜራችሁን ጋራዥ በር ላይ አቁሙ፤ የጠጋኙን ሰዓት ግን በሂሳብ ውስጥ አታስገቡ። እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ የቆመ አሮጌ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች፣ ለብረት ነጋዴው ስልክ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠርታችሁ ኮፈኑን አስከፍቱት።