ተመስጦ በጌጫ፦ መነሻው፣ ወቅቱና ዋጋው

ሠዓሊን ምን ያነሣሣዋል የሚለው ጥያቄ እስካሁን የተጠናው አየሩ ደረቅ፣ ወንበሩም ምቹ በሆነበት አገር ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የአሁኑ ጥናት በሸካ ዞን፣ በአንድራቻ ወረዳ፣ በጌጫ ከተማ ተካሂዷል። ጌጫ የተመረጠችው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም ከአገሪቱ እጅግ ዝናባማ አካባቢዎች አንዷ በመሆኗ፣ አንድም አጥኚው በዚያው ዝናብ ተይዞ መውጣት ስላቃተው።

ተጠኚው የታፔላ ሠዓሊ ነው። ስሙ በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት ተደብቋል፤ ሥራው በየጸጉር ቤቱ በር ተሰቅሎ ሳለ የት ድረስ እንደሚደበቅ ግን አጥኚው ዋስ አይሆንም። የሚሠራበት የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውሃ ተንኖ አይደለም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሲጠጥር ነው፤ ብርድና እርጥበት ደግሞ ያዘገዩታል። በጌጫ «ምግብ ቤት» የሚለው ጽሑፍ እስኪደርቅ ቤቱ ጸጉር ቤት የሚሆንበት አጋጣሚ አለ።

የመጀመሪያው መላምት ተፈጥሮ ታነሣሣለች የሚል ነበር። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ከዚህ በላይ ማነሣሻ ከየት ይመጣል? ተጠኚው ግን በሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሥለው የባሕር ዳርቻና ዘንባባ ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም። ደኑን ስለምን እንደተወ ሲጠየቅ፣ «እሱንማ በነጻ እያዩት ማን ይከፍልበታል?» ብሏል። መላምቱ እዚያው ተዘግቷል።

ሁለተኛው መላምት የተሻለ ፍሬ ሰጥቷል። ተመስጦ የሚመጣው ሌላ ግዴታ ሲመጣ ነው። እንሰቱ ይኮትኮት፣ ቀፎው ይሰቀል፣ የሚያፈሰው ጣራ ይጠገን በተባለ ቁጥር ተጠኚው ብሩሽ ሲያነሣ ታይቷል። ባለቤቱ ይህን ከአጥኚው ቀድማ ደርሳበታለች፤ ያቀረበችበት ቋንቋ ግን ለኅትመት አይመችም።

ታሪክም ይደግፈናል። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ማዕድኑ ቀርቶ አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት አገኘ። ገብረ ክርስቶስ ደስታም የእርሻ ትምህርታቸውን ትተው ነው ወደ ሥዕል የዞሩት። አገኘሁ እንግዳ ግን ሥዕል እንዲማሩ ፓሪስ ተልከው ሥዕል ተምረው ተመለሱ፤ ይህ ለመላምቱ ስለማይመች ከጥናቱ ወጥቷል።

መላምቱ ሕግ ሆኗል፤ አንድ ወሰን ግን አለው፦ ለቅሶ። የዕድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ብሩሹ ወዲያው ይቀመጣል። አጥኚው ይህን በሐዘኔታ ሊተረጉመው ሲል የዕድሩ ጸሐፊ አርሞታል፤ የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ተስተካክሏል፦ ግዴታ ሁሉ ተመስጦ ያመጣል፣ መቀጫ ከሌለበት። ጣራው መቀጫ የለበትም።

በመጨረሻ «ለመሣል የሚያነሣሣዎት ምንድን ነው?» የሚል መጠይቅ ተሰጥቶ በማግስቱ እንዲመለስ በጥብቅ ተነግሯል። መጠይቁ በቀኑ ተመልሷል። መልስ መስጫው ባዶ ነው። በጀርባው የአጥኚው ምስል አለ፤ ጸጉሩ በወጉ ተቆርጧል፣ አንገት የለውም፣ ከኋላው ዘንባባ ቆሟል። ከሥሩ ዋጋ ተጽፏል፤ ጥናቱ በጀት ስላልነበረው ድርድሩ ቀጥሏል።