የበሶብላ ንስሐ

ቤዝመንቴ ውስጥ ድንኳን አለ። ከውጭ ጥቁር፣ ከውስጥ ብርማ ሸራ የለበሰ፣ ዚፕ ያለው፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ድንኳን። ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛን ሰው ምን ልታበቅልበት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ዕድሜያቸው 21 የሞላ ሰዎች በአንድ ቤት እስከ አራት እግር ካናቢስ ለራሳቸው ማብቀል ተፈቅዶላቸዋል። እኔ የተከልኩት በሶብላ ነው።

ምክንያቴን ባሳምረው ደስ ባለኝ። ናፍቆት ነው፣ የእናቴ ጓሮ ነው ብል የሚያምነኝ አላጣም። እውነቱ ግን ቅናት ነው። አንድ ወዳጄ በረንዳው ላይ ያበቀለውን ጤና አዳም ቡናችን ላይ ጣል ጣል ሲያደርግልን ቤቱ በምርቃት ተናወጠ፤ እኔ ያመጣሁትን ዳቦ ያስታወሰው ሰው አልነበረም። እሱ በበጋ በረንዳ ላይ ከሆነ፣ እኔ በጥር በረዶ ቤዝመንት ውስጥ ትኩስ በሶብላ ከነአበባው አወጣለሁ ብዬ ማልኩ።

በበረዶ ወራት፣ ቤት ውስጥ፣ በመብራት ተክል ስለማሳደግ ደግሞ ከካናቢስ አብቃዮች በላይ የሚያውቅ የለም። ከፖሊስ ተደብቀው በቁም ሳጥንና በምድር ቤት ስንት ዘመን የኖሩ ሰዎች የሙቀትና የእርጥበትን ነገር አጥንተው ጨርሰውታል። የጻፉትን ሁሉ አነበብኩ። ችግኙ ትንሽ ሳለ ሥሩ ስላልጠነከረ አየሩ ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይኑረው ይላሉ፤ እያደገ ሲሄድ ይቀነስለት፤ ሲያብብ ከ40 እስከ 50 ይውረድ። የመጨረሻው ምክንያት አለው። የካናቢስ አበባ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እርጥብ አየር መሐሉ ሲታፈን ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ከውስጥ ይጀምራል፤ ከውጭ እስኪታይ ጊዜው አልፏል። እኔም «በሶብላም የሚፈለገው አበባው ነው» አልኩና፣ ቅጠል በወጉ ያላወጣ ችግኝ ላይ እርጥበቱን 45 በመቶ አወረድኩበት። በማግስቱ የቅጠሎቹ ጠርዝ ተኮማትሮ አገኘሁት። ዘሩን ረገምኩት።

ቀጥሎ የመጣው ውርደት ከቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። የገዛሁት ሃይግሮሜትር ርካሽ ነበር። ገጹ ላይ ሁለት ቁጥሮች ያሳያል፤ አንዱ ሙቀት በፋራናይት፣ አንዱ እርጥበት በመቶኛ። በእኔ ቤዝመንት ውስጥ ሁለቱም ሰባዎቹ ላይ መዋል ይወዳሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ መመሪያ ማንበብ ግን አልወድም። እናም ሙቀቱን እርጥበት ነው ብዬ ይዤ ዲሂዩሚዲፋየሩን ለቀቅኩት። ይህ ማሽን ደግሞ ከአየሩ ውኃ ሲያጠራቅም ሙቀት ይተፋል፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ እንፋሎቱም ወደ ውኃ ሲመለስ የያዘውን ሙቀት እዚያው ይለቀዋል። ስለዚህ የእኔ «እርጥበት» በመውረድ ፋንታ ወጣ። እኔ ማሽኑን አጠነከርኩት። ቁጥሩ ጨመረ። እኔም ጨመርኩ። የቤዝመንቱን ግድግዳ ውኃ ያሰርጋል ብዬ በስልክ ባለሙያ እስከ መጥራት ደርሼ ነበር።

ቁጥሮቹን ከለየሁ በኋላ ደግሞ ሌላ እብደት ጀመርኩ። ውጭ ያለው የጥር አየር ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስና 80 በመቶ እርጥበት ቢኖረው፣ ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ 20 በመቶ ገደማ ነው የሚሆነው። ውኃው የትም አልሄደም፤ የሞቀ አየር ብዙ ውኃ ስለሚችል ያለው አንሶ ይታያል። ታዲያ ሂዩሚዲፋየርም ገዛሁ። እንፋሎት የሚተፋውን ከ55 በመቶ ሲወርድ እንዲነሳ፣ እርጥበት የሚጠጣውን ከ50 ሲያልፍ እንዲነሳ አድርጌ አስተካከልኳቸው። በ50 እና በ55 መካከል ሁለቱም ይሠራሉ። አንዱ የቀዳውን ሌላው እየጨለጠ ሌሊቱን ያነጋሉ፤ ከአንድ ደንበኛ ኪስ እንደሚበሉ ሁለት ተከራካሪ ጠበቆች። የመብራት ሂሳቡ ሲመጣ ባለቤቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «አንተ፣ ይኼ የበሶብላ ነው ወይስ የኮረሪማም ጭምር?» አለችኝ። የኩባንያው ስህተት ሳይሆን አይቀርም አልኳት።

ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር። ሙቀትና እርጥበት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስሉኝ ነበር፤ አንዱን አስተካክዬ ወደ ሌላው የምሄድ። 27 ዲግሪ ላይ 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር በአንድ ሜትር ኪዩብ 15 ግራም ተኩል ያህል ውኃ ይይዛል። ማታ መብራቱ ጠፍቶ ድንኳኑ ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ አየሩ መያዝ የሚችለው ያንኑ ያህል ብቻ ነው። ማንም ጠብታ ሳይጨምርበት መቶ በመቶ ሞላ ማለት ነው። በዚያ ላይ እኔ ከሥራ ስመለስ፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል፣ ውኃ አጠጣለሁ። ተክል ከሚጠጣው ውኃ አብዛኛውን በቅጠሉ መልሶ ለአየሩ ነው የሚሰጠው፤ እርጥቡ አፈርም እንዲሁ። ቬንትሌተሩን ደግሞ ለእንቅልፌ ብዬ አጠፋዋለሁ። ጠዋት ዚፑን ስከፍት ሸራው በላብ ተነክሮ ይጠብቀኛል። «እንዴት ያለ ልምላሜ ነው!» እል ነበር።

ቅጠሎቹ ከላይ ወደ ቢጫ ሄዱ፤ ከሥራቸው ግራጫና ሐምራዊ ብናኝ ለበሱ። በሶብላ አበባውም ግንዱም ሐምራዊነት አያጣውምና ቀለሙ ወጣለት ብዬ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ወዳጅ በተንኩ። «የአገር ቤቱ ቀለም» ብዬ ጽፌበታለሁ። በሶብላን ፈረንጆቹ ባሲል ነው የሚሉት፤ ያየሁት የባሲል ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው በሽታ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2007 ፍሎሪዳ ላይ የታየ፣ ከዚያ ወዲህ የባሲል ገበሬዎችን ያስለቀሰ ነው፤ ብናኙን የሚያፈራው በጨለማና በእርጥብ አየር ነው። ጨለማውንም እርጥቡንም እኔ ነኝ ያዘጋጀሁለት። ካልታረመው ፎቶ ሥር «ማሻ አላህ» እና «እግዚአብሔር ይባርከው» ዛሬም አሉ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ነው። በቤዝመንቱ መስኮት የሚወጣውን ወይን ጠጅ ብርሃን አይቶ አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠቀሰኝ፤ ስንተኛ ሳምንቱ ነው አለኝ። በሶብላ ነው ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በዚህ ሰፈር እስከዚያ ቀን ድረስ በአክብሮት ዓይን ያየኝ ሰው አልነበረምና፣ ራሴን ነቅንቄ «እርጥበቱ አስቸግሮኛል» አልኩት። ዓይኑ በራ። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ ቆርኪ ጨው በጥቂት ውኃ አርሼ ከሃይግሮሜትሩ ጋር ዘግቼ እንዳሳድር መከረኝ፤ እርጥብ ጨው በዙሪያው ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ስለሚያቆመው መለኪያው ከዚያ የሚያንሰውን ያህል ይዋሻል ማለት ነው። የእኔው 62 አለ። ያን ሁሉ ጊዜ በውሸታም መለኪያ ነበር ያስተዳደርኩት።

ባለቤቴ ወሬውን ስትሰማ ሳቋ ቶሎ ቆመ። የዜግነት ማመልከቻዬ ገብቶ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ነበር። ካናቢስን ስቴቱ ቢፈቅድም በፌዴራል ሕግ ነገሩ ሌላ ነው፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በስቴት ሕግ የተፈቀደ እንኳ ቢሆን ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት አመልካቹን የመልካም ጠባይ መለኪያውን ሊያስጥለው እንደሚችል አስታውቋል። «ሰው ዜግነቱን በወንጀል ያጣል፤ አንተ ባልሠራኸው ወንጀል ጉራ ልታጣ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ጎረቤቴ ሄጄ እውነቱን ለመንገርም ድፍረት አጣሁ።

በዚህ መሐል የባለቤቴ እናት ከደብረ ማርቆስ መጡ። ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይኼ ተክል ፀሐይ ነው እንጂ ጫጫታ ምን ያደርግለታል?» ብለው አንዷን ማሰሮ ወስደው የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጧት። አሁን ወደ እውነተኛው ኃጢአቴ መጣሁ። የባሲል ዘር ከ10 ዲግሪ በታች እንደማይችል አንብቤያለሁ። በጥር ሌሊት የመስኮቱ መስታወት አጠገብ ምን ያህል እንደሚበርድም በዚያው መለኪያ ለክቼ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ቅጠሉ ጠቁሮ ሲረግፍ እማማ አዝነው «እጄ አልቀናውም መሰለኝ» አሉ። «አይዞዎት እማማ፣ የዚህ አገር አየር አስቸጋሪ ነው» አልኳቸው፣ በውስጤ እየፈነደቅኩ። የመጀመሪያ ድሌ ነበር።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ሳይጠራ መጣ። ዚፑን ከፈተ፣ አጎነበሰ፣ አሸተተ። ከዚያ በእርጋታ «ይኼ እኮ ባሲል ነው» አለ። ካየኋቸው ፊቶች ሁሉ እንደዚያ ያዘነልኝ የለም። ቢሆንም ደግ ሰው ነውና ሁለቱን ማሽኖች ተመልክቶ አንዱን ነቀለ። ውኃውን ጠዋት አጠጣ፣ ቬንትሌተሩን ሌሊት አታጥፋ፣ የመብራቱን ሰዓት ገልብጠው አለኝ፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ አምፖሉ ያሞቀዋል፣ ቀኑን ጨለማ ሲሆንለት ደግሞ የቤቱ ሙቀት አለ፤ ልዩነቱ ይጠባል። ከበሽታው የተረፈችው አንዲት እግር በዚህ ምክር አገገመች፤ አበባ ጣል አድርጋለች። ፈጥና የማታድግበትም ምክንያት አለ፤ በየሰዓቱ ዚፑን ከፍቼ ስለምጎበኛት ያጠራቀመችውን አየር እለቅባታለሁ።

ለውለታው ሽሮ ሠርተን ላክንለት። በጣም ወደደው፤ ይኼ ሽታ ከዚያችው ተክል ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ከራሴ ድንኳን» አልኩት። ከሱቅ ነው፤ ከነላስቲኩ።