ስንት ኪሎ ይወጣዋል?

ወዳጄ የሚኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቅ ይላል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ እንግዳ የሚቀበለው ቢጫ ጀሪካን ነው። 60 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ የገባው እንግዲህ እዚህ ቤት ነው። «ጭንቀት ያበርዳል» አለኝ።

ዓሣዎቹ ኒዮን ቴትራ ይባላሉ፤ የአማዞን ተወላጆች ናቸው። ርዝመታቸው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጎናቸው ላይ እንደ መብራት የሚያበራ ሰማያዊ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ ወደ ጭራቸው የሚሄድ ቀይ አላቸው። ወዳጄ መጀመሪያ የገዛው እንደ ኖኅ ሁለት ብቻ ነበር። ሁለቱም ድንጋይ ሥር ተወሽቀው፣ ገርጥተው ቀሩ። እነዚህ ዓሣዎች በመንጋ እንጂ በጥንድ እንደማይኖሩ፣ ቢያንስ ስድስት መሆን እንዳለባቸው የሰማው ኋላ ነው። ስምንት ጨመረላቸው። አሥሩ ባንድነት እጥፍ ዘርጋ ሲሉ ቢያይ «ድር ቢያብር» እያለ ሲተርት አመሸ። ይኸው የዓሣ ማኅበር መሥራች ከብሎኩ ስብሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ «ሥራ አለብኝ» እያለ የቀረ ሰው ነው።

ከባሕር ዳር የመጡት አክስቱ በቆሮሶና በአምባዛ ያደጉ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ እነዚህ ለመቼ ይደርሳሉ?» አሉት። የብሎኩ ጥበቃ ግን ነገር አላስረዘመም፤ «ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ይወጣዋል?»

ወዳጄ በሁለቱም ተቀየመ። እኔ ግን በዚህ ቤት የሚበላው ዓሣው ሳይሆን ባለቤቱ መሆኑን ካወቅሁ ቆይቻለሁ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ እኛን ከበሽታ ይጠብቀናል፣ የዓሣን ስንጥብ ግን ያቃጥላል። ስለዚህ የዓሣዎቹ ውኃ በባልዲ ክፍቱን ያድርላቸዋል። ልጆቹ በአንድ ጆግ ተጣጥበው ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ለዓሣዎቹ በየሳምንቱ 15 ሊትር ይቀየርላቸዋል። በኅዳር ብርድ ቤተሰቡ ጋቢ ሲደራርብ፣ እነሱ በማሞቂያ 24 ዲግሪ ላይ ይንሸራሸራሉ።

ከዚያ ንጽሕና መጣ። ባለቤቱ ሙያዋ የተመሰከረላት ናት። የማጣሪያው ስፖንጅ ጠቁሮ ብታየው አፈረች፤ በበረኪና ፈትጋ አነጣችው። ለካ ያ እድፍ የቤቱ ጉበት ኖሯል! የዓሣው ኩስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ስፖንጁ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ናቸው አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት። ይህ ሠራዊት እስኪደራጅ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በበረኪና ለማለቅ ግን አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ውኃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ሳለ አራት ዓሣ ተንሳፎ ተገኘ።

ባለፈው ደግሞ እራት ጋብዞኝ መብራት ጠፋ። የገንዳው አየር ፓምፕ ቀጥ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ወዳጄ ወጡን ትቶ ጭልፋውን አነሣ። ከገንዳው እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያንቆረቁራል፤ ሚስቱ በስልኳ ታበራለች፤ ልጆቹ ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ተረኛ እኔ ሆንኩ። ስሙን የማያውቀው የጎን ጎረቤቱ ግርግሩን ሰምቶ ሻማ ይዞ ገባና ሦስተኛ ተራ ያዘ። በሻማው ብናያቸው ያ ሁሉ ቀለም የለም፤ ስማቸው ከኒዮን መብራት ቢወጣም ጨለማ ሲሆን እነሱም ይጠፋሉ። መስኮቱን አሻግሮ ያየው ጎረቤት «እንደኛ ሰፈር ናቸው» አለ።

አራት ሰዓት ላይ «መጣ!» የሚለው ጩኸት ከብሎክ ብሎክ ተቀባበለ። ፓምፑ ተንፈቀፈቀ። ጎረቤትየው እጅጌውን እየጨመቀ ስድስቱን ዓሣዎች በአንክሮ አያቸው። ተደምረው የአንድ ማንኪያ ሽሮ አይመዝኑም።

«ግን ወንድሜ፣ ስንት ኪሎ ይወጣዋል?»

ወዳጄ በዚህ ጥያቄ ሳይቆጣ የመለሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የላላ ቀበቶውን ወደ ላይ ሳብ አደረገና፣ «አምስት» አለ። «ከኔ።»