የሰው ክታብ

ምላጩን ያቀበለኝ ሰይጣን ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔው ነኝ ከሰፈራችን ሱቅ የገዛሁት።

አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከአንገቷ ያልተለየ ክታብ ነበራት። ማኅደሩ በላብና በቅቤ ብዛት ጠቁሮ እንደ ተልባ ያብለጨልጫል። ስታርፍ አክስቴ ከአንገቷ ፈትታ አስቀመጠችው፤ ቤት ስትቀይር ደግሞ እኔ ዘንድ ቀረ። «ክታብ የከፈተ ዓይኑ ይጠፋል» እየተባልን ስላደግን ለዓመታት አልነካሁትም። በአርባ ሦስት ዓመቴ መነጽር ሲታዘዝልኝ ግን፣ ዓይኔ ሳልከፍተውም እየጠፋ ከሆነ ምን እጠብቃለሁ ብዬ ስፌቱን ተረተርኩት።

ብራናው እንደ ታሰረ እባብ ተወንጭፎ ወጣ። አንዱን ጫፍ በሙቀጫ ዘነዘና፣ ሌላውን በሽሮ ጣሳ ይዤ ስዘረጋው ከጠረጴዛው አልፎ ተንጠለጠለ። ሦስት ቁራጭ ቆዳ በጠፍር ተያይዞ የተሠራ ነው። ከአናቱ ላይ ዓይኖች አሉ፤ ትልልቅ፣ ቅንድባም፣ ቀጥ ብለው የሚያፈጡ። ከሥራቸው ፈረሰኛው ሱስንዮስ ወርዝልያን በጦር ይወጋል። ታሪኩን የማያውቅ ካለ፦ ወርዝልያ የገዛ ወንድሟን የሱስንዮስን ሕፃን የገደለች ናት፤ ልጅ የሚሞትባቸው እናቶች በእሱ ጸሎት ይማጠናሉ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ሆኖ «በስመ አብ»ና የቅዱሳኑ ስሞች በቀይ ናቸው።

የግዕዝ እውቀቴ ቅዳሴ ላይ ከመቆም ስለማያልፍ ብራናውን በፌስታል ጠቅልዬ ጎረቤታችን ወዳሉት ጡረተኛ መሪጌታ ሄድኩ።

«ማን ከፈተው?» አሉኝ።

«ተከፍቶ አገኘሁት» አልኩ። የምላጩ ጭረት ጣቴ ላይ አለ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ከጣቴ ላይ አንስተው ማስረዳት ጀመሩ። እኔ ጌጥ ያልኳቸው ዓይኖች ሥራ አላቸው። ጋኔኑ በታማሚው ዓይን በኩል ያያል ተብሎ ስለሚታመን፣ ክታቡ ተዘርግቶ ከሕመምተኛው ፊት ሲሰቀል ጋኔኑ ከዓይኖቹ ጋር ይፋጠጣል፤ አይችልም፤ ይወጣል። (እንግዲህ መክፈት የመድኃኒቱ አንድ ክፍል ከሆነ እኔ እስከ ዛሬ በከንቱ ነው የፈራሁት።) ሌላም ነገሩኝ፦ አስማት ማለት በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። መርበብተ ሰሎሞን የሚባለው ጸሎት አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የሚያጠምደው በስም ኃይል ነው። የአምላክ ስውር ስሞች አሉ፣ የአጋንንቱ ስም አለ፣ ከዚያ የባለቤቱ ስመ ክርስትና ይገባል። ስሙ ከተሳሳተ ደብዳቤው ለሌላ ሰው ደረሰ ማለት ነው።

«የአያትህ ስመ ክርስትና ማን ነበር?»

«ወለተ ሥላሴ።»

መሪጌታ ብራናውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አንድ ጊዜ ሳቅ ብለው አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝ። «ለአመትከ ወለተ» የሚለው ጥርት ብሎ ተጽፏል። «ሥላሴ» የሚለው ግን የተቀመጠው ተፍቆ በሳሳ ቆዳ ላይ ነው፤ ቀለሙም ይለያል፣ እጁም ይለያል። ጸሐፊው ቆጣቢ ሰው ነበር፤ የቀድሞዋም የኋለኛዋም ባለቤት ሴቶች ናቸውና «ወለተ»ን ለምን ይፋቅ? ስምንት ቦታ ላይ እንዲህ አድርጎ፣ ዘጠነኛው ላይ ደክሞታል ወይም መሽቶበታል። እዚያ ላይ የቀድሞዋ ባለቤት ሙሉ ስሟን ይዛ ቁጭ ብላለች፦ ወለተ ጊዮርጊስ።

መሪጌታ አልደነቃቸውም። ክታብ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ስሙ እየተፋቀ ከአንገት ወደ አንገት ያልፋል አሉ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሜትር አወጣሁ። ደንቡ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲቆረጥ ነው፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ክታቡ 1 ሜትር ከ71 ሆነ። የአያቴን የበዓል ቀሚስ ከሻንጣ አውጥቼ ለካሁ፤ አንገትና ራስ ብጨምርላት፣ በልጅነት ፍቅር ላይ ትንሽ ብመርቅላትም 1 ሜትር ከ50 አትሞላም። ሃያ አንድ ሳንቲ ሜትር ሙሉ ማንንም ሳይጠብቅ ኖሯል።

ይህን እያሰላሁ አክስቴ ለቡና ልትመጣ አንድ ሰዓት ቀራት። ብራናው ግን አልጠቀለል አለኝ። ብጠቀልለው ይወፍራል፣ ባጠብቀው ያመልጣል፣ ማኅደሩ ውስጥ ግማሹ እንኳ አይገባም። ቆዳ በእርጥበት ይለሰልሳል የሚል ነገር ትዝ ቢለኝ ከሚፈላው ጀበና አፍ ላይ አስጠጋሁት። እዚህ ላይ ልናዘዝ፦ እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዊው ተመራማሪ የግሪዮል ቡድን ጎንደር ከርሞ የሰበሰባቸው ብራናዎች ዛሬ ፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የአያቴም ያኔ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ክብር ያገኝ ነበር፤ እኔ የቡና እንፋሎት አጠንኩት። ብራናው እንደ ጆሮ ተጨማደደ፣ የቅዱስ ሚካኤል ስም ቀዩ አውራ ጣቴ ላይ ተላለፈ።

አክስቴ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጣቴን ነው፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን። ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ታሪክ ጀመረች። ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባቸዋል። ለሦስተኛው አያቴ ደብተራ ዘንድ ሄደች፤ ጥቁር ጠቦት አምጪ ተባለች፤ ጠቦቱ ታርዶ ከቆዳው በቁመቷ ልክ ክታብ ተቆረጠላት። ቤተሰቡ ሲያወራው የኖረ ነገር ነው።

«እትዬ፣ በቁመቷ ልክ አይደለም» አልኩና ፍቁን፣ ዘጠነኛውን ስም፣ ሜትሩን፣ ቀሚሱን አንድ በአንድ አሳየኋት። «ክታቡ የሰው ነው። ታዲያ ጠቦቱን ማን በላው?»

አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ጠቦቱንማ ደብተራው በልቶታል። እኔ ግን ይኸው ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ከኔ በኋላም አምስት ተወልደዋል። ለወለተ ጊዮርጊስ የተጻፈው ለእናቴ ከሠራ አንተን ምን ቸገረህ?»

መልስ አልነበረኝም። ክትባትም ክታብም «ከተበ» ከሚል አንድ ሥር የመጡ ናቸው፤ ጤና ጣቢያ ልጄን ሳስከትብ ብልቃጡ ላይ የማን ስም እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። ከጥንትም ቢሆን ክርክር አላዋጣም፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አስማትንና ጥንቆላን አጥብቀው ቢዋጉም ክታቡ እስከ አያቴ አንገት ደርሷል።

በማግስቱ ማኅደሩን ወደ ሰፈራችን ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። አገላብጦ አየና መለሰልኝ። «ጋሼ፣ እኔ ጫማ ነው የምሰፋው።» ሁለት እጥፍ አልኩት፤ ዝም። ሦስት እጥፍ ስል ወስፌውን አነሳ፤ እስኪጨርስ ግን ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ነው የሰፋው። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ማኅደሩ አብጧል፣ ከጎኑ ትንሽ ብራና ብቅ ብላለች። አሁን አክስቴ አንገት ላይ ነው።

ምናልባት ከእናንተ ውስጥ ስመ ክርስትናዋ ወለተ ጊዮርጊስ የሆነ፣ በአገሯ ሴቶች መካከል ብቅ ብላ የምትታይ ረዥም ቅድመ አያት የነበረችው ካለ፣ ክታቧ በደህና እጅ ነው። ትንሽ ቡና ቡና ይሸታል እንጂ።