በአንድ ሳሎን ውስጥ ስለሚገኙ ሦስት ቂብላዎች፦ መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ፣ ካዕባ አንድ ሆኖ ሳለ በአዲስ አበባ በአንድ ሳሎን ውስጥ ሦስት ቂብላ መገኘቱ ነው። ወቅቱ ዙህር ሊያልፍ የተቃረበበት ነበር። ተሳታፊዎቹ ዉዱእ አድርገው እጃቸው ሳይደርቅ ስልካቸውን አወጡ።

ስለ ጂኦግራፊው ብዙ የሚባል የለም። መካ ከአዲስ አበባ 1,380 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቂብላው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ዘወር ይላል። የኮምፓስ መርፌም እዚህ ከተማ በጥቂቱ ወደዚያው ስለሚያዘነብል፣ መርፌውን ተከትሎ የቆመ ሰው ብዙ አይስትም። ጅማ ያለ ሰው ከሰሜን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሐረር ያለ ትንሽ ወደ ግራ ማለት ነው። ጥናቱ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። ኮምፓሱ ያለው ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ያለው ማግኔት ባለው ልባስ ውስጥ ነው፤ ሰውየው የቆመው ደግሞ ፌሮ በሞላው ኮንክሪት ላይ ነው። መርፌ የቀረበውን ብረት ያከብራል። አንደኛው ስልክ ወደ ፍሪጁ፣ ሁለተኛው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ። ሦስተኛው ባለቤቱን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እንዲሥል አዘዘው። ሰውየው ታዘዘ፤ በመስኮት ላየው ዝንብ የሚያባርር ይመስል ነበር። ከዚያ ስልኩ ወደ በሩ ጠቆመ።

የየመኑ ሱልጣን አል-አሽራፍ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ውኃ ላይ በምትንሳፈፍ መርፌ ቂብላ ስለ ማግኘት ሲጽፍ የስልክ ልባስን ጉዳይ አላነሳም። እንደ ጉድለት ሊቆጠርበት ግን አይገባም።

በዚህ መሐል የቤቱ ባለቤት ሐጂ ስልክ ሳያወጡ መስገጃቸውን አነጠፉ።

«ሐጂ፣ ስልኩ እኮ በፍሪጁ በኩል ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ ፍሪጁ የገባው አምና ነው። ቂብላው ከሱ በፊት ነበረ።»

ማስረጃው በሳይንስ ሚዛን ቀላል ነው፤ ሆኖም ሦስቱም ተመራማሪዎች ያለ ተቃውሞ ከኋላቸው ተሰለፉ። የሐጂ አቅጣጫ ከሰሜን ስንት ዲግሪ እንደሚርቅ ለመለካት የደፈረ አልተገኘም።

ለሚጠራጠር አንባቢ፦ በየዓመቱ ግንቦት 20 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ትቆማለች። ሰዓታችን ከመካ ጋር አንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም። ቀጥ ያለ እንጨት ተክለው ለጥላው ጀርባዎን ይስጡ። ሁለተኛው ዕድል ሐምሌ 9 ገደማ፣ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ ሐምሌ ግን ፀሐይ በማሳየት አይታማም።